ስለ ኔርቪዎች አጥር ወደ ቡሬ የሄድኩበት ሳምንት

ጎጃም ደርሼ መጣሁ ስላቸው የትምህርት ቤታችን መምህራን መጀመሪያ የጠየቁኝ «ማን ሞቶብህ ነው?» ብለው ነው። ማንም አልሞተብኝም። የሄድኩት አጥር ለማየት ነው። ይህን ስናገር ደግሞ የባሰ ግራ ገባቸው፤ አንዱማ «አዲስ አበባ አጥር ጠፍቶ ነው?» አለኝ። እንግዲያውስ ነገሩን ከሥሩ ልጀምረው። እዚያ አገር ሄዳችሁ የማታውቁ፣ ምናልባትም የማትሄዱ፣ ዛሬ በእኔ እግር ሂዱ።

እኔ የታሪክ መምህር ነኝ። አንዲት ቀጭን የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ወደ አማርኛ ስመልስ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። መጽሐፏ የምትናገረው ኔርቪ ስለሚባሉ ሰዎች ነው። ኔርቪዎች ከጥንት የኬልት ነገዶች አንዱ ናቸው፤ ክርስቶስ ከመወለዱ ሃምሳ ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ ዛሬ ቤልጅግ በሚባለው አገር ይኖሩ ነበር። የሮማ ጦር አገር እየጠቀለለ ሲመጣ ጎረቤቶቻቸው እየተንበረከኩ ገበሩ፤ እነሱ እንቢ አሉ። ልብ ያላላል ብለው የወይን ጠጅ ነጋዴ እንኳ አገራቸው አያስገቡም። ይህ ነው የሚባል ፈረሰኛ አልነበራቸውም፤ በፈረስ የሚመጣባቸውን ጠላት የሚያቆሙት በአጥር ነው። ለጋውን ዛፍ ሳይቆርጡ ገመስ አድርገው ያጎነብሱታል፤ ቅርንጫፉ ወደ ጎን ይሄዳል፤ በመካከሉ እሾህ ይተክሉበታል። ከጥቂት ዓመት በኋላ ፈረስ ቀርቶ ዓይን አያልፈውም።

ይህን አጥር በአማርኛ ምን ልበለው? «የዛፍ ግድግዳ» ብዬ ጻፍኩ። ረቂቁን ያነበበልኝ ወርቁ የሚባል ባልደረባዬ ነው፤ የሒሳብ መምህር፣ የቡሬ ልጅ። ሳቀብኝና «እንዲህ ያለውን አጥር እኮ አጎቴ ሠርቶታል። በጣሊያን ጊዜ፣ ለፈረሰኛ» አለ። ሁለት ዓመት ሙሉ አጠገቤ ተቀምጦ ይህን አለመተንፈሱ አናደደኝ። በጥር ወር የመንፈቀ ዓመቱን ፈተና አርሜ እንደ ጨረስኩ ለእህቱ ደብዳቤ አጽፌው ሻንጣዬን አነሳሁ።

ማክሰኞ

አውቶቡሱ ከአዲስ አበባ የተነሳው ገና ጎህ ሳይቀድ ነው። እስከ ጎሐ ጽዮን ድረስ ብርዱ የእኛው የእንጦጦ ብርድ ነበርና አልተደነቅሁም። የአባይ ቁልቁለት ሲጀምር ግን አውቶቡሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ወሬውን አቆመ። ሾፌሩ ብቻ ነው ያወራ የነበረው፤ እሱም ዞር እያለ። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ ጣሉና «ድልድዩ ሲደርስ ንገረኝ ልጄ» አሉኝ። እኔ ደፋር ነኝ፤ በመስኮት ወደ ታች አየሁ። አንድ ጊዜ ብቻ አየሁ። ከዚያ በኋላ የሾፌሩን ማጅራት ሳይ ቆየሁና ድልድዩ ሲደርስ ነገርኳቸው።

ደጀን ላይ በላን፤ ለምሽት ደብረ ማርቆስ ገባን። ያረፍኩበት ቤት ባለቤት አልጋውን አሳይታኝ ስታበቃ፣ ትኋን እንዳለው እኔ ሳልጠይቃት ራሷ ነገረችኝ። አዲስ አበባ እንዲህ ያለ ሐቀኛ ባለ ሆቴል አጋጥሞኝ አያውቅም። ከዚያ የራሷን ጋቢ አምጥታ «በዚህ ተጠቅልለው ወንበሩ ላይ ይተኙ፤ እኔም እንግዳ ሲበዛ እንዲያ ነው የማደርግ» አለችኝ። ወንበሩ ላይ ጥሩ እንቅልፍ ተኛሁ።

ረቡዕ

ደምበጫን አልፈን ጅጋ ልንደርስ ስንል ጎማ ፈነዳ። ተቀየረ። ብዙም ሳንሄድ የተቀየረው ፈነዳ። ሾፌሩ ወርዶ ጎማውን እያየ በጣም ረጋ ባለ ድምፅ «እንግዲህ ውረዱ» አለን፤ ወረድን።

ከመንገዱ ዳር አውድማ ላይ በሬዎች ጤፍ ያበራያሉ። ገበሬዎቹ ጠሩንና ጭድ ላይ ተቀመጥን። ሦስት እቅፍ ሙሉ የሽምብራ እሸት አምጥተው መሐላችን ጣሉልን፤ የጾም ቀን ነበርና ከዚህ የተሻለ ነገር አልተመኘሁም። የአዲስ አበባ ሰው እሸት የሚያየው በትንንሽ እስር እየቆጠሩ ሲሸጡለት ነው፤ እነዚህ እንደ ድርቆሽ ነው የወረወሩልን። ሥራዬን ሲጠይቁኝ ስለ ኔርቪዎች ነገርኳቸው። እንቢ ማለታቸውን ወደዱት። ከእነሱ አንዱ፣ ጢሙ እስከ ዓይኑ ገለባ የሆነ ሰው፣ ጥቂት አሰበና «ምን ያርሱ ነበር?» አለኝ።

«መጽሐፉ አይናገርም» አልኩት።

«ታዲያ የጻፈው ማን ነው?»

«ዋናውን የጻፈው የወጋቸው የሮማ የጦር አዛዥ ነው።»

«እሱማ ምኑን ያውቃል» አለና ወደ በሬዎቹ ሄደ። አዲስ አበባ ላይ ረቂቄን አራት የተማረ ሰው አንብቦታል፤ ይህን የጠየቀኝ የለም።

ፍኖተ ሰላም የገባነው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። ወቅቱ የሠርግ ስለ ነበር ከተማው በእንግዳ ሞልቶ አልጋ የሚባል ጠፋ። ጠላ ቤት ያላት አንዲት ሴት «ጓዳ ካልናቁ» አለችኝና ጓዳ አደርኩ። አረቄም ቀዳችልኝ። የወይን ጠጅ ነጋዴን ያባረሩት ኔርቪዎች ትዝ አሉኝ፤ እኔ ኔርቪ ሆኜ ብፈጠር አንድ ሳምንትም አልቆይ።

ሐሙስ

ወደ ቡሬ የሚሄደውን መኪና ሁሉ ሠርገኛ ይዞታል። ረፋድ ላይ በርበሬ የጫነ የጭነት መኪና ተገኘ። ጋቢናው ውስጥ የባለ ጭነቱ የታመመች ሚስት ስለ ነበረች እኔ ከላይ ከጆንያዎቹ ጋር ተቀመጥሁ። በርበሬው የዚያ አገር በርበሬ ነው፤ የተማርኩትን ሁሉ ያስረሳኛል። ማንኩሳ እስክንደርስ አስነጠሰኝ። ከማንኩሳ በኋላ ማስነጠሱ ቀርቶ ማልቀስ ጀመርሁ፤ በጨርቅ ባብሰው ጨርቁም በርበሬ ሆኗል።

ቡሬ ስወርድ ዓይኔ ቀልቶ አብጧል፤ የለበስኩትም ጥቁር ካፖርት ነው። እንዲህ ሆኜ፣ የወርቁን ደብዳቤ በእጄ ይዤ፣ የእህቱን የወይዘሮ የዝናን ቤት አንኳኳሁ። ወይዘሮ የዝና ከፍታ አየችኝ። ከዚያ ደብዳቤውን አየች። «ከአዲስ አበባ ነዎት?» አለችኝ፤ ነኝ አልኳት። ሌላ ምንም አልጠየቀችኝም። «ይግቡ» አለችና ውኃ አቀረበችልኝ፤ ከጎረቤት የነበረች ሴት በጓሮ በር ወጣች።

እኔ ምን አውቄ። ፊቴን ታጠብሁ፤ ምግብ ቀረበልኝ፤ በላሁ። እየበላሁ ሳለ ሰው አንድ አንድ እያለ ገብቶ በግድግዳው ዙሪያ ይቀመጣል። ሰላምታቸው አጭር ነው። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። የጎጃም ሰው እንግዳ አክባሪ ነው ሲባል ሰምቼ ነበር፤ ይህን ያህል ግን አልመሰለኝም። ደስ ብሎኝ ጨመር አድርጌ በላሁ። ስጨርስ አንድ ሽማግሌ ጉሮሮአቸውን ጠረጉና «እንግዲህ ልጄ፣ ሁላችንም ሂያጅ ነን። አይፍሩ፤ ቀስ ብለው ይንገሩን» አሉኝ።

«ምኑን?» አልኩ።

«ይዘው የመጡትን።»

«እኔ የመጣሁት ስለ አጥር ነው።»

ወይዘሮ የዝና «ወርቁስ?» አለች።

«ወርቁ ደህና ነው፤ እንዲያውም ወፍሯል።»

ለካ መርዶ ይዤ የመጣሁ መስሏቸዋል። በዚያ አገር መርዶ ነጋሪ አይቸኩልም፤ እነሱም አይጠይቁም። አብልተው፣ አሳርፈው፣ ጎረቤት ሰብስበው ነው የሚሰሙት። ወይዘሮ የዝና ያን ጊዜ ገና ማልቀስ ጀመረች፤ ስታለቅስ ደግሞ «እርስዎም የመጡት በበርበሬ መኪና ነው?» ብዬ ላሥቃት ሞከርሁ። ሽማግሌው ግን ሰው ሰብስቦ በባዶ መሸኘት ነውር ነው ብለው ጠላ አስመጡና ለወርቁ ውፍረት ተጠጣ።

ሰው ከተበተነ በኋላ ስለ አጎቷ ጠየቅኋት። ስማቸው አያ ውበቱ ነው፤ ከቡሬ የበቅሎ መንገድ ግማሽ ቀን ርቀው ይኖራሉ። ታመዋል፤ እግራቸው ያብጣል፤ ክረምቱን ያልፉታል ብሎ የሚያስብ የለም። «የሚያስጨንቀኝ ሞታቸው አይደለም» አለችኝ። «የነፍስ አባት የላቸውም። ከጣሊያን ጊዜ ጀምሮ ንስሐ አይገቡ፣ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር አይረግጡ፤ በየሰንበቱ በሩ ላይ ቆመው ተሳልመው ይመለሳሉ። እንዲህ እንደ ሆኑ ቢሞቱ ካህናቱ አይፈቱአቸውም፤ ቅጥሩ ውስጥም አይቀበሩ። ለምን ቢባሉ አይናገሩም። ሰው ግን ይናገራል፤ ጣሊያን ዘንድ ሄዶ ወረቀት ተቀብሎ መጣ ይላል።» ከዚያ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «ለእርስዎ፣ ለእንግዳ፣ ምናልባት ይናገሩ ይሆናል» አለችኝ። አጥር ልይ ብዬ የመጣሁት ሰው ይህን ተሸክሜ ተኛሁ።

ዓርብ

በቅሎ ተዋስን። አስተማሪ ነህና ጨዋዋን እንስጥህ ተብሎ የተሰጠችኝ በቅሎ ወንዝ መካከል ስትደርስ ተኛች። ተኛች ስል፣ እንደ ሰው ጎኗን አሳርፋ ማለቴ ነው። አብሮኝ የሚሄደው ገበሬ «ውኃ ስታይ መተኛት ትወዳለች፤ መናገር ረሳሁ» አለኝ። እኔ ደረቴ ድረስ ረጠብሁ፤ መጽሐፌን በሁለት እጄ ወደ ሰማይ አንስቼ ነው የቆምኩት። ረቂቁ የነበረበት ከረጢት ግን ከበቅሎዋ ጋር ገባ። ሃያ ገጽ ያህል ቀለሙ ፈሶ ሰማያዊ ውኃ ሆነ፤ ከፈሰሰው ውስጥ «የዛፍ ግድግዳ» የሚለው ገጽ ይገኝበታል፤ ለእሱ አላዘንሁም።

አያ ውበቱ ደጃፍ ላይ፣ ያበጠ እግራቸውን ግንድ ላይ ጭነው አገኘኋቸው። ረጅም ናቸው፤ ተቀምጠውም ረጅም ናቸው። ከእግሬ እስከ ራሴ ጭቃዬን አዩና «አዲስ አበባ ዝናብ ነው እንዴ?» አሉኝ። ወደድኳቸው። ሚስታቸው ስለ ሞቱ ቤቱን የያዘችው የልጃቸው ሚስት ናት፤ ሽሮና ተልባ አቀረበችልን። ያን ቀን ስለ አጥር አንድም ቃል አላወጣሁም። እንግዳ በገባበት ቀን ጉዳዩን አይናገርም፤ ይህን ወርቁ አስጠንቅቆኛል።

ቅዳሜ

ጠዋት በምርኩዛቸው እየተደገፉ ወሰዱኝ። አጥሩ ከመንደሩ በላይ፣ ሜዳው ወደ ገደሉ አፍ በሚጠብብበት ቦታ ነው። ሁለት መቶ እርምጃ ይሆናል። ከሥሩ በላይ ተገምሶ የተጎነበሰ የወይራ ግንድ፣ ጎኑን እንደ ተኛ ወፍሮ፣ ከእሱ ሌላ ቅርንጫፍ ቀጥ ብሎ ወጥቶ፤ በመካከሉ ቀጋና አጋም ተሸርቦበታል። ክንዴን ላስገባ ብል እስከ ክርኔ አልሄደም። መጽሐፉ ላይ ያለው ሥዕል ነው፤ ልዩነቱ በውስጡ ወፍ መጮኹ ነው። ደስታዬ እንባ ሊያወጣኝ ምንም አልቀረውም፤ የበርበሬው አልበቃ ብሎኝ።

«አያ፣ ይህን ምን ትሉታላችሁ?»

አዩኝ። «አጥር ነዋ» አሉ።

ከአዲስ አበባ አምስት ቀን ተጉዤ፣ ጎማ ፈንድቶብኝ፣ በቅሎ ተኝታብኝ ያገኘሁት ቃል ይህ ነው። በኋላ ሳስበው ትክክለኛው ይኸው ነው፤ ኔርቪዎቹም ከዚህ የተለየ ያሉት አይመስለኝም። አሁን በረቂቄ ውስጥ አጥር ይላል።

ጥላ ሥር ተቀመጥንና «አሁን ደግሞ የእነሱን ንገረኝ» አሉኝ። ነገርኳቸው። ኔርቪዎች ወንዝ ዳር ጫካ ውስጥ አድፍጠው፣ ሮማውያን ሰፈር ሲሠሩ ድንገት እንደወረዱባቸው፤ የፊተኛው ሲወድቅ የኋለኛው ሬሳ ላይ ቆሞ እንደ ተዋጋ፤ ሮማውያን ሊያልቁ ምንም እንዳልቀራቸው፣ ግን እንዳሸነፉ። ከዚያ ሽማግሌዎቻቸው፣ ሴትና ሕፃን ይዘው ከተሸሸጉበት ረግረግ መልእክተኛ ልከው ለአዛዡ እንደ ገበሩ። «ከስድስት መቶ አለቆቻችን ሦስት፣ ጦር ከሚይዙት ከስድሳ ሺው አምስት መቶ ቢቀሩ ነው አሉት። እሱም አመናቸው፤ ራራላቸውና አገራቸውን ተወላቸው። በሦስተኛው ዓመት ግን እነዚህ አልቀዋል የተባሉ ኔርቪዎች ከጎረቤት ጋር ሆነው ተነሥተው የሮማን የክረምት ሰፈር ከበቡ። ለምሽጉ የሚሆን መቆፈሪያ ስላልነበራቸው ሣሩን በሰይፍ እየቆረጡ አፈሩን በልብሳቸው ተሸክመው ነው ካብ የካቡት።»

አያ ውበቱ ምርኩዛቸውን መሬት ላይ አዞሩ።

«ሽማግሌዎቹ ዋሽተዋል» አሉ።

«ይመስላል።»

«እኔም ዋሽቻለሁ።»

እንደዚህ ጀመሩ፤ አንድ ጊዜ ከጀመሩ በኋላ አላረፉም። ፈረሰኛው አጥሩ ላይ ሁለት ጊዜ መጥቶ ተመለሰ። ሰው ሁሉ ከብቱን ይዞ ገደል ገባ። ሁለት ሳምንት ሆነ፤ እህል አለቀ፤ ጣሊያን ደግሞ ገደሉን በሌላ በኩል ለመክበብ ተጨማሪ ጦር እየጠበቀ ነው። አያ ውበቱ ለማንም ሳይናገሩ ወጥተው ጣሊያኑ ሰፈር ሄዱ። ሰው በበሽታ አልቋል፣ የተረፈውም ተበትኗል፣ የቀረነው ሰባት ሽማግሌ ነን አሉት። ጣሊያኑ አላመነም።

«ያስማለኝ አስተርጓሚው ነው። ጣሊያኑ መሐላን ምን ያውቃል። አስተርጓሚው ያገር ሰው ነው፤ ‹የዚህ አገር ሰው በሐሰት አይምልም፤ ከማለ እመነው› አለው። ወንጌል አስመጡ። እጄን ጭኜ በሚካኤል ስም ማልሁ። አመነኝ። ወረቀት ሰጠኝ፤ ጦሩ ተነሣ።»

ገደል የነበረው ሰው ግን ይህን አያውቅም። ያን ሰሞን ጉም ወርዶ ነበርና ሚካኤል በጉም ሸፈነን ብሎ አመነ፤ እስካሁን በየዓመቱ ያን ቀን ይዘክራል። አያ ውበቱን ግን ከጣሊያን ወረቀት ይዘው ሲመለሱ አያቸው።

«ለምን አልነገሯቸውም?»

«ምን ብዬ? በታቦቱ ስም በሐሰት ማልሁ ብዬ? ተአምራችሁ ጉም ሳይሆን የኔ ሐሰት ነው ብዬ?» ከዚያም «ጉሙም ነበር፤ አልዋሽም» አሉ።

«ለንስሐ አባት መናገር ይቻል ነበር።»

«ንስሐ ስትገባ ተጸጽቻለሁ ትላለህ። እኔ አልተጸጸትሁም። ነገ ቢመጡ ነገ እምላለሁ። ታዲያ እግዚአብሔር ፊት ቆሜ ተጸጽቻለሁ ብዬ ሁለተኛ ልዋሽ? ስለዚህ በሩ ላይ እቆማለሁ። እዚያ የሚከለክለኝ የለም።»

«ገደሉ ውስጥ የነበረው ሰው ስንት ነበር?»

«እንጃ። ወደ ሃያ ዘመድ የነበረኝን አውቃለሁ። የሌላውን ማንን እጠይቃለሁ? የሚያናግረኝ የለ።» ወደ አጥሩ እያዩ «ይህን ለሰው አትናገር» አሉኝ። ቃሌን ሰጠሁ። ወይዘሮ የዝና ትዝ ያለችኝ ከሰጠሁ በኋላ ነው።

እሁድ

ከቅዳሴ በኋላ የደብሩ ቄሰ ገበዝ መምሬ አድማሱ እጄን ይዘው ሰንበቴ ቤት አስገቡኝ። ሰንበቴ የአጥቢያው ሰው በየተራ ጠላና ዳቦ እያወጣ ከቅዳሴ በኋላ አብሮ የሚቀምስበት ማኅበር ነው፤ ቤቱ ከቅጥሩ በር አጠገብ፣ በውስጥ በኩል ነው። በሩ ላይ አያ ውበቱ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ሲገባ ሲወጣ የነበረው ሰው እንደ ዛፍ ነው የሚያልፋቸው። በአዲስ አበባ ጎረቤቱን ሳያውቅ የሚኖር ሰው ሞልቷል፤ አውቆ እንዲህ ማለፍ ግን ሌላ ነው፤ አመመኝ።

እንግዳ ወግ ይጠየቃል፤ ተጠየቅሁ። ስለ ኔርቪዎች ጀመርሁ። አጥሩ ዘንድ ስደርስ ወደ በሩ አየሁ፤ አያ ውበቱ ቀጥል ለማለት ራሳቸውን ነቀነቁ። ጠዋት «የእነሱን ንገር፤ የኔን ተው» ብለውኛል። ስለዚህ ጦርነቱንም፣ ሽማግሌዎቹንም፣ አምስት መቶ ቀረን ማለታቸውንም፣ በሦስተኛው ዓመት መነሣታቸውንም ተናገርሁ። ሰዉ ተደሰተ። አያ ተገኘ የሚባሉ፣ አንድ ዓይናቸው የጠፋ ሽማግሌ፣ «ጎበዝ ናቸው። በመጨረሻስ?» አሉኝ።

«በመጨረሻ ሮማ አሸነፈቻቸው፤ ግን በእነሱ ድካም አይደለም፤ ረዳት ጦር ደርሶላት ነው።»

መምሬ አድማሱ ሌላውን ሰው ሁሉ ሲያስደስት የነበረውን ሳይሆን ሌላ ነገር ነበር የያዙት። «ሽማግሌዎቹ አምስት መቶ ቀረን ሲሉ» አሉ፣ «ምለው ነው ወይስ እንዲሁ?»

«መጽሐፉ አይናገርም» አልኩ። አንገቴን ደፋሁ።

«እኔ ምዬ ነው» የሚል ድምፅ ከበሩ መጣ።

አያ ውበቱ አንድ እግራቸውንም ቅጥሩ ውስጥ አላስገቡም። እዚያው ሆነው ትላንት የነገሩኝን በጥቂት ቃል ጨረሱት፦ ሰፈሩን፣ አስተርጓሚውን፣ ወንጌሉን፣ ሰባት ሽማግሌ ማለታቸውን። ጽዋ የያዘው ሁሉ ጽዋውን እንደ ያዘ ቀረ። ከዚያ አያ ተገኘ በጣም ቀስ ብለው «ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን የወለደችው እዚያ ገደል ውስጥ ነው» አሉ። «ሃያ አምስት ዓመት ሰላም ብዬህ አላውቅም።»

መምሬ አድማሱ ተነሥተው ወደ በሩ ሄዱ። ዕድሜያቸው ከእኔ አይበልጥም፤ ድምፃቸው ግን የካህን ድምፅ ሆነ። «በስሙ በሐሰት መማልዎን ይጸጸቱበታል?»

«አልጸጸትበትም፣ አባቴ።»

«እንግዲያውስ የምፈታዎት ምን አለኝ?» አሉና ቆሙ። አሁን አለቀ ብዬ ወይዘሮ የዝናን አሰብኋት። መምሬ ግን ወደ እኛ ዞሩ። «ያን ጊዜ ገደሉ ውስጥ የነበራችሁ ተነሡ።»

አያ ተገኘ መጀመሪያ ተነሡ። ሌሎች ሽማግሌዎች ተከተሉ። «በእናት ጀርባ፣ በእናት ሆድ የነበራችሁም» አሉ። ጎልማሶች ተነሡ። ከውጭ ዛፍ ሥር የተቀመጡት ሴቶች ሰምተው ተነሡ። «ከዚያ ከወጡ ሰዎች የተወለዳችሁም።» ከዚያ በኋላ ተቀምጦ የቀረው እኔ ብቻ ነበርሁ ማለት ይቻላል።

«እኔም እናቴ እጄን ይዛኝ እዚያ ነበርሁ» አሉ መምሬ። «መሐላውን የማለው አንድ ሰው ነው፤ የኖርንበት ግን ሁላችንም ነን። የማይጸጸት ሰው ላይ ቀኖና አልጭንም። እኛ ግን እንጸጸትለታለን። የቆመ ሁሉ ከነገ ጀምሮ አርባ አርባ ይሰግዳል። እርስዎ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ በእውነት ይንገሩኝ፤ መማልዎ አላሳዘነዎትም?»

«እሱማ» አሉ አያ ውበቱ፤ «እሱማ ሃያ አምስት ዓመት አሳዝኖኛል።»

«እሱን ነገ መጥተው ይነግሩኛል። የነፍስ አባትዎ እኔ ነኝ። ይግቡ።»

አልገቡም። በምርኩዛቸው ጫፍ እየጠቆሙ የቆመውን ሰው ይቆጥሩ ነበር። ከሰንበቴ ቤቱ ጀምረው እስከ ዛፉ ሄዱ፤ ሴቶቹ ላይ ተሳሳቱና እንደ ገና ጀመሩ። ማንም አልተንቀሳቀሰባቸውም። መቶን ሲያልፉ ተዉት።

«ይህን ያህል መሆናችሁን ባውቅ ኖሮ» አሉ፣ «ሁለት ጊዜ እምል ነበር።»

መምሬ አድማሱ ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ፤ ሳቃቸው ቀደማቸው። አያ ተገኘ ሄደው ክንዳቸውን ያዙ፤ ሽማግሌዎቹም ጠጋ ጠጋ ብለው በመካከላቸው ቦታ ለቀቁላቸው።